በዓይኑ ዐ፣ በፀሐዩ ፀ

አክስቴ እታገኝ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ቀድሞ የሚታየው ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነበር። አናናስ፣ በሬ፣ ባጃጅ፣ የአርሴናል ዓርማ፣ ጃንጥላ፣ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ድመት። እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ፎልደር ነው፤ እያንዳንዱ ፎልደር ደግሞ አንድ ባለጉዳይ።

ሱቋ ሚዛን ተፈሪ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አቤቱታ ትጽፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ ስትወጣ የከፈተችው ነው። ከባለጉዳዮቿ እኩሌታው ማንበብ አይችልም፤ ብዙዎቹም አማርኛን ያወቁት ከእናታቸው ቋንቋ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ አጠገቧ ታስቀምጠውና ሥዕሎቹን እያሳየች «የቱን ልስጥህ?» ትለዋለች። ሰውየው አስቦ፣ አንዳንዴም ከሚስቱ ጋር ተማክሮ፣ አንዱን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ይስብና «ያውና የኔ» እያለ በጣቱ ያሳያታል። በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ለሁሉም «ዋና» ብላ ነው የምትሰይመው። ሌላውን ሥዕሉ ይናገራል።

እኔ ከቱርክ ከተመለስኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። አምስት ዓመት የመረጃ ሥርዓት ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ሦስት ቦታ አመልክቼ፣ ከሦስቱም «እንደውልልሃለን» ተብዬ፣ አክስቴ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ስልክ እጠብቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቅ እሄድና ከጀርባዋ ቆሜ ስክሪኗን አያለሁ። ያንን ድመት ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል» አልኳት አንድ ቀን።

«ሥርዓት አለው» አለች ቀና ሳትል።

ኅዳር ላይ የጓደኛዋ እናት ቦንጋ ሞቱና ለለቅሶ ሄደች። ማክሰኞ ሄዳ ዓርብ ከሰዓት ልትመለስ። የሱቁን ቁልፍ ስትሰጠኝ «ያለቀውን ብቻ አትምላቸው። አዲስ የሚያጽፍ ከመጣ እኔን ይጠብቅ» አለችኝ። ምንም እንዳትነካ አላለችኝም። ያን ያህል ሊባል የሚያስፈልገው ሰው አልመሰልኳትም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ሰው ጠፋ። መጀመሪያ የፎልደሮቹን አቀራረብ ነው የቀየርኩት፤ ከትልልቅ ሥዕል ወደ ዝርዝር። ዝርዝሩ ውስጥ ሥዕሎቹ አንሰው የዝንብ ኩስ መሰሉኝ። አንድ በአንድ እየገባሁ አነሣኋቸው። መቶ አርባ ምናምን ፎልደር ነበር። ከዚያ በዓመት ከፈልኩ፤ በዓመቱ ውስጥ በጉዳዩ ዓይነት፤ በጉዳዩ ውስጥ በስም፣ በፊደል ተራ። አክስቴ ለመጠባበቂያ የምትይዘውን ፍላሽም አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ቀዳሁበት። እውነቱን ለመናገር ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። የሆነ ነገር እንደማውቅ ተሰማኝ።

ረቡዕ የስሞቹን አጻጻፍ ማስተካከል ጀመርኩ። «አጸደ ጌታሁን» የሚል አገኘሁ። በፊደል ተራ ርቆ፣ ከታች ደግሞ «ዐፀደ ጌታሁን» የሚል። ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት የነበረች ሴት የአንድ ሰው ስም ሁለት ዓይነት ጽፋ ሁለት ፎልደር ከፍታለች ብዬ። ሥዕሎቹ ቢኖሩ ኖሮ አንደኛዋ ጃንጥላ፣ ሁለተኛዋ ቀጭኔ መሆናቸውን አይ ነበር። ሥዕሎቹን ግን ትናንት አጥፍቻቸዋለሁ። ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ጎትቼ ስከተው ማሽኑ ጠየቀኝ፦ በሁለቱም ውስጥ «ዋና» የሚባል አለ፣ የትኛው ይቅር? አንደኛው በሁለት ቀን ይቀድማል። አዲሱ የታረመው ነው ብዬ አዲሱን አስቀረሁ። አልከፈትኳቸውም። ከፍቶ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሱቁን ስዘጋ ፍላሹንም እንደ ትናንቱ አጥፍቼ ይሄኛውን ቀዳሁበት።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ከስልሳ የዘለሉ ሴት ገቡ። ከሸኮ ወዲያ ካለ መንደር፣ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በሚኒባስ ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከጫካው ሥር ያለውን የቡና ማሳቸውን የባላቸው ወንድም «የአባቴ ነው» ብሎ ወስዶባቸው፣ የወረዳው ፍርድ ቤትም ፈርዶለታል። የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያበቃው በዚያ ቀን ነበር። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ወንበሩን ወደ ስክሪኑ የሚስቡ አሮጊት ብቻ ነው።

ወይዘሮዋ ዝርዝሩን አዩት። ጎንበስ ብለው ከታች ጀምረው እንደገና አዩት።

«የኔ እንስሳ የት ሄደ?»

«የትኛው እንስሳ?»

«አንገቱ ረጅም። ሩቅ የሚያይ።»

«አሁን በስም ሆኗል እማማ። ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ስሜን እታገኝ ታውቃለች።»

«እኔም እንዳውቀው ይንገሩኛ» አልኩ፤ እንደ ቀልድ።

«ዐፀደ። ዐፀደ ጌታሁን።»

በአንድ ጊዜ አገኘሁት። በእጄ ሰዓት እንኳ አየሁ፤ አራት ሴኮንድ። «ዋና» የሚለውን በሦስት ቅጂ አትሜ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ይኸው ስምዎ» ብዬ ከላይ የተጻፈውን በጣቴ አሳየኋቸው። ያዩት ጣቴን ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በየገጹ ግርጌ አሳረፉና መንገዱን ተሻግረው ወደ ሬጅስትራሩ ቢሮ ሄዱ።

አክስቴ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ሱቅ ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወይዘሮ ዐፀደ ከኋላዋ ደረሱ። ከእሳቸው ኋላ ታፈሰ መጣ። ታፈሰ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ በእስክሪብቶ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ የአክስቴ የብዙ ዘመን ተፎካካሪ ነው።

«እታገኝ፣ ለቅሶ ደረስሽ? ነፍስ ይማር» አለ። «እዚህም ለቅሶ አለልሽ።»

ወይዘሮ ዐፀደ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ባሌ አይጠጣም ነበር» አሉ። «ሞቷል። ስድስት ዓመት። ለምን ሰካራም አላችሁት?»

ታፈሰ ቀሪውን ተረከልን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ሬጅስትራሩ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነብ ግራ ገባው። «ባለቤትዎ መምህር ነው እንዴ?» አላቸው። ከዚያ ሰልፈኛው እየሰማ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ ባለቤቴ በየምሽቱ ጠጥቶ እየመጣ፣ በተማሪዎቹ ፊት ሳይቀር እያዋረደኝ፣ አብሬው መኖር ስላልቻልኩ ፍቺ ይወሰንልኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። አንዱ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ?» አለ።

አክስቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ የኔ ዝርዝር ነበር፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ። እስከ መጨረሻው ዝቅ እያደረገች አየችው።

«ዐፀደ በዓይኑ ዐ የት አለች?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«አንድ ሰው መስለውኝ...»

«በአልፋው አ፣ በጸሎቱ ጸ የማሻ ልጅ የሆነችው መምህርት ናት። በዓይኑ ዐ፣ በፀሐዩ ፀ እሳቸው ናቸው። የአባታቸውም ስም አንድ ነው። በምን ልለያቸው ኖሯል?» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ።

ታፈሰ ግን የሆነውን እንደገመተ ሰው ከበሩ ሳቀ። «አረጀሽ እታገኝ! እኔ እንኳ በእስክሪብቶ ስሞነጫጭር የሰው ባል ቀላቅዬ አላውቅም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አክስቴ ለወይዘሮ ዐፀደ። «ይቅር ይበሉኝ።»

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሚጠበቅብኝ አፌን መክፈት ብቻ ነው። አታሚው ውስጥ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ። ወረቀቱ የተስተካከለ ነበር።

ይግባኙ ሲጻፍ ሁለት ቀን የፈጀ ነው። ወይዘሮ ዐፀደ በሸኮኛ እየተናገሩ፣ ቴፒ ካምፓስ የምትማረው የጎረቤታቸው ልጅ ማራናታ እየተረጎመች፣ አክስቴ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ጽፋዋለች። ረቂቅ የሚባል አልነበረም። ማራናታ ፈተና ላይ ነች፤ ስልኳ ዝግ ነው። አክስቴ የምታስታውሰውን ያህል በሃያ ደቂቃ ሁለት ገጽ ጻፈች። እኔ አተምኩ። ሦስታችንም መንገዱን በሩጫ ተሻገርን። ሬጅስትራሩ ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት ደረስን።

«ሰኞ» አለን፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

ወይዘሮ ዐፀደ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ሰኞ ይሆናል?»

«ይሆናል» አለች አክስቴ። ሰኞ ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ሰዓት ወደ ሸኮ መኪና ስለሌለ ቤት ይዘናቸው ሄድን። የኔን ክፍል ለቀቅሁላቸው። ጠዋት ጓሮ ውስጥ ፊታቸውን ሲታጠቡ ውኃ አፈሰስኩላቸው። አመሰገኑኝ።

«አክስትህ ደክማለች» አሉኝ ቀስ ብለው፣ አክስቴ እንዳትሰማ። «ዓይኗም አያይም መሰለኝ። አንተ ተምረሃል። እርዳት።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ቅዳሜን የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞች ስሞክር ዋልኩ። ያገኘሁት በባዶ ሣጥኖችና በጥያቄ ምልክት የተሞላ ገጽ ነው። አመሻሽ ላይ አክስቴ «መምህርቷ ጋ ሂድ» አለችኝ። አማን ድረስ በባጃጅ ሄድኩ። አጸደ፣ በአልፋው አ፣ በሩን ከፍታ አስጨርሳ ሰማችኝ። ወጣት ናት፤ ከኔ ብዙ አትበልጥም።

«ከሦስት ሰው ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ሥራ ባልደረቦቼም ደውለዋል። ክሱን ሳስገባ ለእናቴ ራሴ ልነግራት ነበር። ማሻ ሄጄ፣ ቁጭ ብዬ።» የበሩን እጀታ ያዘች። «አሁን እሷ ናት የደወለችልኝ።»

ይቅርታ አልኳት። «እሺ» ብላ በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አይደለም።

እሑድ አክስቴ ሥዕሎቹን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማን የትኛውን እንደመረጠ ካስታወሰች ይቻላል አልኳት። ወረቀት አምጥታ ከጭንቅላቷ የመቶ ሠላሳ ሰው ሥዕል ጽፋ ሰጠችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ፤ አምስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ መልስ ነው። ወረቀቱን ይዤ ከአናናሱ ጀምሬ ሥዕሎቹን መመለስ ያዝኩ።

ሰኞ ማለዳ ማራናታ ከቴፒ መጣች። አክስቴ ነገሩን አስረዳቻቸው። ጊዜው ያለፈ ይግባኝ የሚቀበሉት ዳኛዋ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ለመፍቀድም በቂ ምክንያት፣ ከምክንያቱም ጋር ቃለ መሐላ ይፈልጋሉ። ካልፈቀዱ የወረዳው ፍርድ ይጸናል፤ ማሳውም እንደተወሰደ ይቀራል። ማራናታ እየተከተለች ለወይዘሮ ዐፀደ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች።

አክስቴ ከወንበሯ ተነሣችልኝ። «አንተ ጻፈው። እኔ አልነበርኩም፤ ባላየሁት አልምልም።»

ተቀመጥኩ። «በኮምፒውተር ብልሽት ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነበር?» አለች ከጀርባዬ።

«አይ።»

«ደልዘው።»

«በስም መመሳሰል የተነሣ የአመልካቿ ጽሑፍ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ።

«ማን አጠፋው? ጽሑፍ እግር የለው።» ድምፅዋ ያው ነበር፤ ለማንኛውም ባለጉዳይ እንደምታስረዳው። «ዳኛዋ የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። ጠፋ ብቻ የሚባል ነገር እዚያ በር አይገባም። የጠፋበት አለ፣ ያጠፋ አለ።»

ጣቶቼ ቆሙ። የማራናታም ሹክሹክታ ቆመ። ወይዘሮ ዐፀደ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያሉ።

«እኔ ባስልኤል በላይነህ» ብዬ ጻፍኩ፤ እየጻፍኩም ጮክ ብዬ አነበብኩት። «አክስቴ ወይዘሮ እታገኝ ባልነበረችበት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የአመልካቿን ጽሑፍ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ቀላቅዬ፣ ሁለቱንም ሳልከፍት አጠፋሁ።»

ማራናታ ተረጎመች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ወደኔ ዞረች። «የቱን ልበላቸው? እንደ መብራት አጠፋሁ ነው ወይስ እንደ በደል? በኛ አንድ ቃል አይደለም።»

አክስቴ መልሱን ለኔ ተወችው።

«ሁለቱንም በያቸው» አልኩ።

ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዐፀደ ትክ ብለው አዩኝ። ጓሮ ውስጥ ውኃ ያፈሰስኩላቸውን ጠዋት ያስታወሱ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ ያስታወስኩት። ከዚያ በቋንቋቸው ተናገሩ። ማራናታ መሬት መሬት እያየች ተረጎመችልኝ።

«ስማቸውን በጣትህ ስታሳያቸው ማንበብ እንደማይችሉ ታውቅ ነበር ወይ ይላሉ።»

«አውቅ ነበር።»

«አንተስ አንብበኸው ነበር ወይ ይላሉ።»

«አላነበብኩትም።»

ለዚህ አስተርጓሚ አልጠበቁም። «እንግዲያው እኩል ነን» አሉ በአማርኛ።

«ይሄም ይግባ?» አልኳት አክስቴን።

«ይግባ» አለች። «ሳታነብ መስጠትህን ጻፍ። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅህ ብለህ።»

ጻፍኩ። ሬጅስትራሩ ፊት ማልኩ፤ ፈረምኩ።

ማመልከቻው ሐሙስ ተሰማ። ዳኛዋ ቃለ መሐላዬን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር ያነበበችው። ኋላ ወንበር ላይ ታፈሰ አለ፤ የሱቃችን ደንበኞችም አሉ። አንዱ ሰውዬ በሬ፣ አንዷ ሴትዮ አናናስ እንደሆኑ አሁን ለይቼ አውቃለሁ።

«ምንድን ነው የተማርከው?» አለችኝ ዳኛዋ።

«የመረጃ ሥርዓት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። ጠረጴዛዋን በእስክሪብቶዋ መታ አድርጋ ጸጥ አሰኘችና፣ መዘግየቱ የአመልካቿ ጥፋት ስላልሆነ ይግባኙን በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ፈቀደች። ከአዳራሹ ስንወጣ ታፈሰ «እታገኝ፣ አረጀሽ ስላልኩሽ ይቅርታ» አለ። «እንዲያውም ወጣትሽን ለኔ ላኪልኝ፣ እስክሪብቶ ላስይዘው።» አክስቴ ሳቀች። እኔ ዕፎይታ እስኪመጣልኝ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

በማግስቱ ይግባኙን እንደ አዲስ ልንጽፍ ተቀመጥን። ወይዘሮ ዐፀደ ማን ይጻፈው ሲባሉ ወደኔ አመለከቱ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እሳቸው እየተናገሩ፣ ማራናታ እየተረጎመች ሁለት ቀን ጻፍኩ። በምሥራቅ በኩል ባላቸው የንብ ቀፎ ይሰቅሉበት የነበረው ዋንዛ፤ ቡናውን ከጫካ አምጥተው የተከሉበት ዓመት፤ ሲተክሉ ያዩ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ የሞተ።

አምስት ገጽ ሆነ። አተምኩና የማኅተም ቀለሙን አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም።

«አንብብ» አሉ።

ቆሜ አነበብኩ። ማራናታ ትተረጉማለች። በምዕራብ ወንዝ ያዋስነዋል የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዝ አይደለም፤ በበጋ የሚደርቅ ጅረት ነው። ወንዙ ከዚያ ወዲያ ነው፣ በመካከል ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው። ወንዝ ከተባለ የማይገባኝን ጠየቅሁ ይባላል፤ የባሌ ወንድም ደግሞ ይሄንን ይዞ ውሸታም ይለኛል አሉ። አረምኩት። ገጹን እንደገና አትሜ ካቆምኩበት ልቀጥል ስል እጃቸውን አነሡ።

«ከመጀመሪያው» አሉ።

ማራናታ ሰዓቷን አየች። ገጾቹን አስተካክዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።